በእጅ የሚያዝ የራማን መሣሪያ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ከባሕር ዳር መጋዘን የተገኘ ተሞክሮ

ሶዳ አሽ ነጭ ዱቄት ነው። ቤኪንግ ሶዳም ነጭ ዱቄት ነው። ሶዲየም ሰልፌትም ሲትሪክ አሲድም እንዲሁ። ኬሻው ላይ ያለው ጽሑፍ ከለቀቀ፣ በዓይን አይቶ በእርግጠኝነት የሚለያቸው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና፣ ዲተርጀንትና ሳኒታይዘር በሚያመርት አነስተኛ ድርጅት የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ጥሬ ዕቃችን አብዛኛው ከውጭ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ይዞራል። አንዳንዱ ከትልቅ በርሜል ወደ ጀሪካን ይገለበጣል። እኛ ጋ ሲደርስ የተለጠፈበት ወረቀት ከፋብሪካው የወጣው ላይሆን ይችላል። “ይሄ እውነት ግሊሰሪን ነው?” የሚለው ጥያቄ ደግሞ መልስ የሚፈልገው እዚያው ነው፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ አውራጆቹ እየጠበቁ።

ስለዚህ በእጅ የሚያዝ የራማን መሣሪያ፣ ማለትም ዕቃን በሌዘር አንብቦ ምንነቱን የሚናገር መሣሪያ፣ ይገዛ ተባለ፤ የመምረጡ ሥራም ለእኔ ተሰጠ። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ነው። ለእንደኛ ዓይነት ድርጅት ቀልድ አይደለም። በአማርኛ ምክር ፈልጌ ብዙም አላገኘሁም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ነገር ይሄ ነው፦ ብሮሸር ከማገላበጣችሁ በፊት፣ እናንተ ቤት ምን ከምን ጋር እንደሚምታታ ጻፉ። መሣሪያው የሚመረጠው በዚያ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። ሌዘር አንድ ዕቃ ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ብርሃን ቀለሙን ሳይቀይር ይበተናል። ከ10 ሚሊዮን የብርሃን ቅንጣቶች አንዷ ገደማ ብቻ ከሞለኪውሉ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጣ፣ ቀለሟን ቀይራ ትወጣለች። ይህን ክስተት ህንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን ከባልደረባው ክሪሽናን ጋር በ1928 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ አገኘው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መሣሪያው እነዚያን ጥቂት ቅንጣቶች ሰብስቦ የፒኮች (ከፍ ከፍ ያሉ ጫፎች) መስመር ያወጣል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ፒኮች አሉት። መሣሪያው ያንን ከላይብረሪው (ከታወቁ ዕቃዎች ንባብ ስብስብ) ጋር አመሳክሮ ስም ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ነጭ ዱቄቶቹ ልመለስ። ሶዳ አሽ ትልቁ ፒኩ 1080 አካባቢ ነው። ቤኪንግ ሶዳ 1046 አካባቢ ነው። ሶዲየም ሰልፌት ደግሞ 993 አካባቢ። (ቁጥሮቹ የሞገድ ቁጥር ናቸው፤ በአንድ ሴንቲሜትር የሚለኩ።) ርቀታቸው ሰፊ ስለሆነ ደህና መሣሪያ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ይለያቸዋል። የላስቲክ ከረጢቱን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ሥራችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ውድ የሆነውን ሞዴል አትግዙ።

ነገሩ የሚከብደው ቀለም ያላቸው ዕቃዎች ሲመጡ ነው። ላብሳ የዲተርጀንት ጥሬ ዕቃ የሆነ አሲድ ነው፤ ቡናማና ዝልግልግ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 785 ናኖሜትር በሆነ ሌዘር ስመታው ስክሪኑ ላይ የታየኝ ፒክ ሳይሆን አንድ ትልቅ ኮረብታ ነበር። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይሄ ነው። ዕቃው ሌዘሩን ውጦ የራሱን ብርሃን ይተፋል፤ ደካማው የራማን ምልክት ከሥሩ ይቀበራል። ቀለም የገባበት ሽቶ፣ ከዕፅዋት የተገኘ ነገር፣ ቆሻሻ ያለበት ዘይት ሁሉ ይህን ጠባይ ያሳያሉ። ከጣና ዳር ያመጣነውን የደረቀ እምቦጭም ለማየት ያህል ሞክረነዋል፤ ኮረብታ ብቻ ነው የሰጠን።

ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ 1064 ናኖሜትር ሌዘር ያለው መሣሪያ ነው። የሪጋኩ ፕሮጀኒ በዚህ ሞገድ ይሠራል፤ ናኖራምም የዚህ ዓይነት ሞዴል አለው። የሞገድ ርዝመቱ ሲጨምር ፍሎረሰንሱ በጣም ይቀንሳል። ግን በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። የራማን ብርታት ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ በ1064 የሚገኘው ምልክት በ785 ከሚገኘው በ3.4 እጥፍ ገደማ ይደክማል። በ785 የሚሠራው የሲሊከን ዲቴክተርም (ብርሃን ተቀባዩ) እዚያ ማየት ያቆማል፤ ውድ የሆነው የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ዲቴክተር ያስፈልጋል። ንባቡ ይረዝማል፣ ባትሪ ይበላል፣ ጥቁር ነገር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ሦስተኛ መንገድ የያዙም አሉ። የብሩከሩ ብራቮ ሁለት ሌዘር ተጠቅሞ ፍሎረሰንሱን በስሌት ይቀንሳል።

ሻጮች “1064 ከሆነ ሁሉንም ያነብላችኋል” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝርዝሬን ሳየው ፍሎረሰንስ የሚያስቸግረኝ በጥቂት ዕቃዎች ላይ ነበር። ለእነዚያም የቆየ መፈተሻ አለኝ፤ ላብሳን በአሲድ መጠኑ በቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ በመለካት) አውቀዋለሁ። ለጥቂት ዕቃ ብዬ በነጭ ዱቄቶቹና በአልኮሉ ላይ ፍጥነት ላጣ? 785 በቃን። የዕፅዋት ዘይት ወይም ባለቀለም ነገር በብዛት የምትቀበሉ ከሆነ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ ያኔ 1064 ውሰዱ።

ራማን ጨርሶ የማያያቸውን ዕቃዎችም ከወዲሁ እወቁ። የመጋዘን ኃላፊያችን በዕድሜ የገፉ፣ ዕቃ በማሽተትና በመዳሰስ የሚለዩ ሰው ናቸው። ለሙከራ የመጣውን መሣሪያ አይተው መጀመሪያ ያቀረቡት የጨው ኬሻ ነበር። ፈሳሽ ሳሙና ለማወፈር ጨው እንጠቀማለን። መሣሪያው ምንም አላገኘም።

“ልጄ፣ ጨውን ያላወቀ ሌላውን ምኑን ያውቃል?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ጨው ለራማን የሚሆን ንዝረት የለውም። እንኳን ይሄ፣ ትልቁም የላብራቶሪ መሣሪያ በዚህ መንገድ ፒክ አያገኝለትም” አልኳቸው።

ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር፤ ብዙ ገዢ የማይጠይቀውንም ነው የጠየቁት። ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ፒክ አይሰጡም። ንጹሕ ብረታ ብረትም አይሰጥም፤ ብረት ለመለየት የሚገዛው በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ የሚሠራ መሣሪያ) ነው። ኮስቲክ ሶዳ ሌላው ችግር ነው። ዋናው ፒኩ 3600 አካባቢ ሲሆን፣ በእጅ የሚያዙት አብዛኞቹ 2500 ወይም 2900 አካባቢ ያቆማሉ፤ ብራቮም የሚደርሰው እስከ 3200 ነው። ስለዚህ ጨውን በሲልቨር ናይትሬት ጠብታ፣ ኮስቲክን በቲትሬሽን መለየታችንን አልተውንም። መሣሪያው የቆዩ መፈተሻዎችን ሁሉ ይተካል ብላችሁ ለአለቃችሁ ቃል አትግቡ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰድኩበት አልኮሉ ነው። ሳኒታይዘር የሚሠራው በኢታኖል ነው። ሜታኖል ይመስለዋል፤ ውሃ የመሰለ ነው፣ ይሸታል፣ ይነዳል። ግን መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እዚህ ላይ መሳሳት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ንጹሕ ሜታኖልን ከንጹሕ ኢታኖል መለየት ለየትኛውም መሣሪያ ቀላል ነው፤ የኢታኖል ትልቁ ፒክ 884 ላይ ሲሆን የሜታኖል 1035 አካባቢ ነው። የሚያስፈራው ሲቀላቀሉ ነው። ኢታኖል 1052 አካባቢም ፒክ አለው። ከሜታኖሉ 1035 ጋር ያለው ርቀት 17 ብቻ ነው። ሬዞሉሽኑ (ተቀራራቢ ፒኮችን የመለየት አቅሙ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) 8 ወይም 10 የሆነ መሣሪያ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። 18 ወይም 20 የሆነው ግን አንድ ላይ አጣብቆ ወፍራም ፒክ ያደርጋቸዋል። ብሮሸር ላይ “ሬዞሉሽን” የሚለውን ቁጥር ሳላይ አላልፍም የምለው ለዚህ ነው። ርካሽ ሞዴሎች የሚደክሙትም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

የሶፍትዌሩ አፈራረድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንዳንዱ መሣሪያ ሁለት መስመሮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አስልቶ ከ0.95 በላይ ከሆነ “አለፈ” ይላል። ትንሽ ሜታኖል የገባበት ኢታኖል በአጠቃላይ መልኩ ኢታኖልን ስለሚመስል ይህን ሊያልፍ ይችላል። ሌሎች፣ ለምሳሌ የቴርሞው ትሩስካን፣ ልዩነቱ ከመለኪያው የተፈጥሮ መዋዠቅ ይበልጣል ወይ ብለው በስታቲስቲክስ ይፈርዳሉ። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁለተኛው ይሻላል። ሻጩን “ያልፋል የሚለው በምን ስሌት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መመለስ ካልቻለ፣ የሚመልስ ሰው እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።

ሳልዘነጋ፦ ይህ መሣሪያ የሚነግራችሁ “ምንድን ነው?” የሚለውን ነው፤ “ስንት ነው?” ወይም “ምን ያህል ንጹሕ ነው?” የሚለውን በደንብ አይነግራችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የሳኒታይዘር ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሮልና 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ያለቀውን ምርት በእጅ መሣሪያ ብታነቡት ኢታኖሉን ታያላችሁ፤ ፐሮክሳይዱ አይታይም። ፒኩ 876 አካባቢ ስለሆነ በኢታኖሉ ጥላ ሥር ይወድቃል፤ መጠኑም ኢምንት ነው። በጥቂት በመቶ ደረጃ ያለ ባዕድ ነገር እንኳ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው የአቅም ጠርዝ ላይ ነው። ግሊሰሪን ለመድኃኒት የምትገዙ ደግሞ ይህን በጣም ልብ በሉት። በ2022 እ.ኤ.አ. ጋምቢያ ውስጥ ሕፃናትን ከቀጠፈው የሳል ሽሮፕ ጋር ስሙ የተነሳው ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ፣ በግሊሰሪን ውስጥ የሚፈቀደው ወሰን 0.10 በመቶ ነው። በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ከሆነ ራማን ይይዘዋል። 0.10 በመቶን ግን አይዝም፤ ያ የጋዝ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን ለያይቶ የሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ) ሥራ ነው። “ራማን አልፏል” ብሎ ለመድኃኒት የሚውል ግሊሰሪን መቀበል ትልቅ አደጋ ነው።

የዕቃው መያዣም ወሳኝ ነው። ግልጽ ብርጭቆና ቀጭን ላስቲክ አያስቸግርም፤ ሌዘሩ ያልፋል። ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ግን አያሳልፍም። ናሙና በትንሽ ጠርሙስ መቅዳት የግድ ነው። ቡናማ ጠርሙስ ራሱ በ785 ፍሎረሰንስ ይሰጣል። ወረቀት ኬሻም እንዲሁ ያስቸግራል። መያዣ ሳይከፍቱ ማንበብ የሚያስችል ስልት አለ፤ ሌዘሩ አንድ ቦታ ይመታል፣ ብርሃኑ ደግሞ ፈንጠር ካለ ቦታ ይሰበሰባል። የአጂለንቱ ቫያ የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ በነጭ ፕላስቲክ፣ በቡናማ ብርጭቆና በወረቀት ኬሻ ውስጥ ያነባል። እያንዳንዱን ኬሻ መፈተሽ ግዴታው የሆነ መድኃኒት ፋብሪካ ዋጋውን በጊዜ ሊያስመልስ ይችላል። እኛ ግን በርሜሉን ከፍተን ብንቀዳ የሚበላሽብን ነገር የለም። ስለዚህ ለዚያ አልከፈልንም።

ሻጭ ለማሳያ ሲመጣ ይዞ የሚመጣው ፓራሲታሞል፣ አሴቶንና ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። እነዚህን የማያውቅ መሣሪያ የለም። በዚያ አትገረሙ። የራሳችሁን አቅርቡ። እኛ ከመጋዘን እያንዳንዱን ቀዳን፤ ጠርሙሱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ጻፍን። ኢታኖል ውስጥ የታወቀ መጠን ሜታኖል የገባባቸውን ናሙናዎች ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያሉ የኬሚስትሪ ወዳጆች በጭስ መሳቢያ ሥር አዘጋጁልን። አንድ ጠርሙስ ላይ ሆን ብለን የተሳሳተ ስም ለጠፍን። መሣሪያውን የያዙት ሻጩ ሳይሆኑ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ፤ ነገ የሚጠቀሙበት እሳቸው ናቸዋ። ጓንት አድርገው ስክሪኑን መንካት አቃታቸው። ይህ ብሮሸር ላይ አይገኝም። ከዚያ ወጥተን መጋዘኑ በር ላይ ፀሐይ ላይ ሞከርነው። የባሕር ዳር ፀሐይ ወደ ሌንሱ ሲገባ አንዱ ሞዴል ንባቡ ተበላሸ፤ ጠርሙሱን ውጦ የሚይዝ መክተቻ ያለው ሌላው ሞዴል ግን ምንም አልሆነ። መክተቻው ከዋጋው ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ፤ ለብቻ የሚሸጡት አሉ።

ማለፍ የሌለበትን ናሙናም መስጠት አትርሱ። ሶዳ አሽ አስቀምጣችሁ “ይህ ቤኪንግ ሶዳ ነው ወይ?” በሉት። ጥሩ መሣሪያ “አይደለም” ማለት መቻሉ ከ“ነው” ማለቱ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ስለ ሌዘሩ ደህንነት ማንም ሻጭ በቂ አይነግራችሁም። ብዙዎቹ ደረጃ 3ቢ (በቀጥታ ከታየ ዓይን የሚጎዳ ሌዘር) ናቸው፤ ጉልበታቸው እስከ ብዙ መቶ ሚሊዋት ይደርሳል። የ785 ብርሃን ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ የ1064 ጨርሶ አይታይም። ስለማይታይ ዓይን አይጨፈንም፤ ጉዳቱ ሬቲና ላይ ነው። ለሞገዱ የተሠራ መነጽር ግዙ። መሣሪያውን ወደ ሰው አታዙሩ፤ ልጆች በሚገቡበት ቦታ አታስቀምጡ። ጥቁር ዱቄትና ምንነቱ ያልታወቀ ተቀጣጣይ ነገር ላይ ሙሉ ጉልበት አትጠቀሙ፤ ሊቃጠል ይችላል።

አንድ ወዳጄ ዘጌ ስላሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጠይቆኝ ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀለሞች በዚህ መሣሪያ ማወቅ ይቻል ይሆን ወይ ብሎ። ራማን ለቀለም ምርምር በዓለም ላይ የታወቀ ዘዴ ነው። ግን ለጥሬ ዕቃ በተሠራ መሣሪያ፣ በሙሉ ጉልበት፣ በፍጹም። ከእርሳስ ብረት የሚሠራው ቀይ ቀለም በሌዘር ሙቀት መልኩን ይቀይራል፤ አንዴ ከጠቆረም አይመለስም። ያ የቅርስ ባለሙያዎች፣ ጉልበቱ በጣም ዝቅ በሚል መሣሪያ፣ በፈቃድ የሚሠሩት ነው።

ግዢው ላይ ስትደርሱ ፕሮፎርማው ውስጥ እንዲገቡ የምመክራችሁ ጉዳዮች አሉ። ጥገና አገር ውስጥ ካልተደረገ መሣሪያው ወደ ውጭ ይላካል፤ የጉምሩኩን ጣጣ ማን እንደሚይዘው ይጻፍ። እስኪመለስ ተተኪ የሚሰጡ አሉ፤ ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ተጨማሪ ባትሪና የሚነቀል ባትሪ ያለው ይሁን። የሚሠራበት የሙቀት ወሰን ይጻፍ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ከ40 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ራሱን የሚፈትሽበት ፖሊስታይሪን አብሮ ይምጣ፤ እኛ በየጠዋቱ 1001 ላይ ያለውን ፒክ እናያለን። የዋጋው የጊዜ ገደብንም ተከታተሉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተነገራችሁ ዋጋ ውሳኔ እስክትሰጡ ላይቆይ ይችላል።

ላይብረሪው ላይ ደግሞ በቁጥር አትማረኩ። “ከ10 ሺህ በላይ ዕቃ ያውቃል” የሚለው ደስ ይላል፤ እናንተ የምትገዙት ቴክሳፖን (ለፈሳሽ ሳሙና አረፋ ሰጪው) ግን እዚያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። የራሳችሁን ዕቃ መጨመር መቻላችሁን፣ ለዚያም በየዓመቱ የሚከፈል ፈቃድ እንደሌለው አረጋግጡ። እኛ አንድን ዕቃ ስንመዘግብ ከተለያየ አቅራቢና ከተለያየ ምርት ቁጥር እንወስዳለን፤ በአንድ ጀሪካን ብቻ የተሠራ ላይብረሪ ቀጣዩን ትክክለኛ ዕቃ “አይደለም” ሊለው ይችላል። መሣሪያው ንባቦቹን በተለመደ የፋይል ዓይነት ወደ ኮምፒውተር ማውጣት መቻል አለበት። በየሳምንቱ ቅዱት፤ መሣሪያው ለጥገና ሲሄድ ላይብረሪው አብሮ አይሂድባችሁ።